በሕማማት የበሰለ እንጆሪ

የላስታ ሰው የቀረበለትን ምግብ አይነቅፍም። ጨው ቢበዛበት «እጅሽ ይባረክ» ይላል፤ ጨው ቢረሳም ያው «እጅሽ ይባረክ» ነው። ልማዱ ለእንግዳ ጥሩ ነው፤ ለምርምር ሥራ ግን አያድርስ ነው። ተመራማሪዋ ሰብሌ ይህን የተማረችው ጥድ በር መንደር በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ ገበሬዎቹን ሰብስባ የእንጆሪ ፍሬ ባስቀመሰችበት ቀን ነበር።

እንጆሪ ስንል እሾሃሙ ቁጥቋጦ አይደለም። ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ዛፍ ነው። ምርምር ማዕከሉ ግን ሰብሌን የላካት ለቅጠሉ ሳይሆን ለፍሬው ነው። ከላሊበላ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ የሚካኤል ካህናት በሰጡት ቁራሽ መሬት ላይ ከየአገሩ የመጡ ዝርያዎች በረድፍ ቆመዋል። የትኛው የላስታን ውርጭ ችሎ ያፈራል? የየትኛው ፍሬ ይተልቃል፣ ይጣፍጣል፣ ላሊበላ ሆቴሎች እስኪደርስ ቅርጫት ውስጥ ሳይፈርጥ ይቆያል? ይህን መለየት፣ ካልተገኘም አዳቅሎ ማግኘት የእሷ ሥራ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። የምትኖረውም እዚያው አትክልቱ ዳር በተሠራች ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበር።

በዚያ የቅምሻ ቀን የእያንዳንዱን ዛፍ ፍሬ በየሰሃኑ አድርጋ አዞረች። ቀማሾቹ ሁሉ አመሰገኑ። የመጀመሪያው ማር ነው፤ ሁለተኛው ማር ነው፤ ሦስተኛውም ማር ሆነ። ግራ ቢገባት ኮምጣጣነቱ ጥርስ የሚያጠርሰውን ፍሬ አመጣችና ከገበሬዎቹ ለአንዱ፣ ለአቶ ደባሱ፣ ሰጠቻቸው። አቶ ደባሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ዋጡት፣ ከዚያም እግዜር ይስጥልን፣ ይኸኛውማ ከሁሉም ይበልጣል አሉ። ሰብሌ ተስፋ ቆርጣ ብዕሯን ልትከድን ስትል፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ አንድ ዲያቆን ፊቱን ወደ ነጠላው ዞር አድርጎ ተፋውና፣ «ይኼ ለወፍ ነው። ወፍም ቢሆን አንድ ቀን ቀምሶ አይመለስም» አለ። ቀማሾቹ በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ። ሰብሌ ግን ሳቀች፤ ጥድ በር ከገባች ወዲህ ከልቧ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዲያቆኑ ምሥጋናው ይባላል። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ፣ የደብሩ ቄስ የገብረ ሊባኖስ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ የሰብሌ ዋና ቀማሽ እሱ ሆነ። ሥራው በጾም ሲገጥም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስምና፣ እሷም ማለዳ መደረግ የነበረበትን ቅምሻ ለእሱ ስትል ወደ ከሰዓት አዞረችው። አለቃዋ ከማዕከሉ መጥቶ ለምን ብሎ ሲጠይቃት ስለ ፀሐይና ስለ ጤዛ ረዘም ያለ ነገር አስረዳችው፤ የሳይንስ ነገር ነው ብሎ አመናት።

አንድ ቀን ጥቁር የበሰለ ፍሬ ነጠላው ላይ ፈረጠበት። ለዋዜማ ሊገባ ነው፤ ሌላ ነጠላ ደግሞ የለውም። ሰብሌ ያልበሰለ ቀይ ፍሬ ቀጠፈችና ጨምቃ እድፉን አሸችው፤ የበሰለውን እድፍ የሚያስለቅቀው ያው ያልበሰለው ነውና። ከዚያ በውኃ አጠበችለት። እድፉ ለቀቀ፤ እጇ ግን ከትከሻው ቶሎ አልተነሣም። እሱም «በቃ፣ ለቀቀ» አላላትም።

ከተተከሉት ዝርያዎች ሁሉ ፍሬዋ ትልቅና ጣፋጭ የነበረችው አንዲት የቆላ ዛፍ ነበረች፤ ግን ውርጭ በመጣ ቁጥር ቡቃያዋ ይቃጠላል። በላይኛው ረድፍ ደግሞ ብርድ የማይበግረው፣ ወንዴ ስለሆነ ግን ምንም የማያፈራ ዛፍ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው የሴቲቱን አበባ ሳይከፈት በወረቀት ከረጢት ሸፈኑ። ጊዜው ሲደርስ ሰብሌ ከረጢቱን ስትገልጥ፣ ምሥጋናው የወንዴውን ብናኝ በዶሮ ላባ አምጥቶ ያራግፍባት ነበር። አቶ ደባሱ በአጥር በኩል ሲያልፉ አይተው፣ «ሰው ሲዳር እናውቃለን፤ ዛፍ ሲዳር ያየነው ከእናንተ ነው» አሏቸው። ምሥጋናው ሳቀ። ሰብሌ ከረጢቱን ደጋግማ ማሰር ያዘች።

ፍሬውን ዘሩት፤ ከዘሩ ከበቀለው ውስጥ ደካማውን ነቀሉ፤ የተረፈውን ውርጭ እየመረጠ ገደለው። በመጨረሻ ጥቂት ችግኞች ቀሩ። እነሱ እስኪያብቡ በተጠበቀው ሦስት ዓመት ውስጥ ሰብሌና ምሥጋናው አንዳቸው ለሌላው ምን እንደሆኑ ለማወቅ ንግግር አላስፈለጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው መፍትሔ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ጥድ በር ሚካኤል ከሁለቱ ቄሶቹ አንዱን፣ አባ ተክለ ሚካኤልን፣ አምና ቀብሯል። የቀሩት ቄስ ገብረ ሊባኖስ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ለበዓል ቅዳሴ ሁለተኛው ቄስ ከጎረቤት ደብር ይለመናል። አገሩ በሙሉ የሚጠብቀው ምሥጋናው እንዲቀስስ ነው። ዲያቆን ከመቅሰሱ በፊት ያገባል፤ የሚያገባትም ድንግል መሆን አለባት። ሰብሌ ግን ወገል ጤና አጠገብ ተወልዳ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ፣ ከወራት በኋላ ጠፍታ ደሴ አክስቷ ዘንድ ገብታ የተማረች ሴት ናት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሥርዓቱ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። እሷን ካገባ ቅስና የለም።

ለምሥጋናው ባንቺዓለም የምትባል የካህን ልጅ ታጭታለታለች። ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል። ሰብሌ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አይታታለች፤ እንዳትጠላት የሚያደርግ ደግ ፊት ስላላት ይበልጥ አዘነች።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዓርብ ምሥጋናው አዲሶቹን ችግኞች ሊያያቸው መጣ። በየቅርንጫፉ ገና ያልበሰለ ቀይ ፍሬ ተንጠልጥሏል፤ የመጀመሪያ ፍሬያቸው ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጎ ፍሬውን ቆጠረ። ከዚያ ቅስናው ይቅርብኝ አለ፤ ደሴም ቢሆን፣ ኮምቦልቻም ቢሆን አብሯት እንደሚሄድ ነገራት። የቀረው አባቱን መጋፈጥ ብቻ ነው።

«ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ እነግረዋለሁ» አላት። «ቢረግመኝም እነግረዋለሁ።»

«ካልቻልህስ?»

«ካልቻልሁ መጥቼ፣ አልቻልሁም እልሻለሁ።»

ሰብሌ ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገችም። በፊቷ ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱም ከእሱ አፍ ይመጣል። በዚያች ምሽት እራቷን ቆማ በላች፤ መቀመጥ አልቻለችም ነበር።

ሆሳዕና አለፈ። እሑድ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ወንዙ ዳር ባለው መንገድ ሲመጣ ከሩቅ አየችውና ወደ አጥሩ ቀረበች። እሱ ግን ዓይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ በአጠገቧ አለፈ። ምን ልትል ትችላለች? ሰሙነ ሕማማት ገብቷል። ይሁዳ ጌታን በሰላምታ ሸጦታልና በዚያ ሳምንት ሰላምታ የለም፤ እናት ከልጇ አትሳሳምም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት አደርህ አይልም። ካህን ከሆነማ የባሰ ነው። እንግዲህ ያ ዝምታ የሕማማት ነው ወይስ የምሥጋናው? ለአባቱ ነግሯቸው ተረግሞ ነው? ሳይነግራቸው አፍሮ ነው? ከአንገቱ፣ ከአረማመዱ፣ ከነጠላው አጣፋፍ መልስ ስትፈልግ ዋለች። አንዳንዴ ነግሯቸዋል ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አልነገራቸውም ትላለች። የምታማክረው ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ሰላም የማይባባል አገር ውስጥ ግን ማን ማንን ያማክራል?

ማክሰኞ ዕለት የአዲሶቹ ዛፎች ፍሬ መጥቆር ጀመረ። ከሁሉም አንዲቱ ልዩ ነበረች። ፍሬዋ የአውራ ጣት ያህል ይረዝማል፤ ውርጩ ያለፈበት ቅጠሏ ላይ ጠባሳ እንኳ የለም። ሦስት ዓመት የተጠበቀችው ዛፍ እሷ መሆኗን ሰብሌ አወቀች። ጭማቂውን የጣፋጭነት መለኪያዋ ላይ ጠብ አድርጋ በብርሃን ስታየው ከእናትየዋ፣ ከቆላዋ ዛፍ፣ በልጦ አገኘችው። መሣሪያ ግን ስኳር እንጂ ጣዕም አይለካም። ቀማሾቿን ጠራች። አቶ ደባሱ ከአጥር ውጭ ቆመው፣ በሕማማት ከዳቦና ከቆሎ በቀር ጣፋጭ ነገር አፋቸው እንደማይገባ፣ እስከ ፋሲካ እንድታቆይላቸው ነገሯት። የበሰለ እንጆሪ ግን እንኳን እስከ ፋሲካ እስከ ነገም አይቆይም።

ስለዚህ መዘነች፣ ለካች፣ የጣዕሙን ቦታ ባዶ ተወችው። ራሷም አልቀመሰችውም። ጾመኛ ናት፤ ደግሞ ያለ እሱ ልትቀምሰው አልፈለገችም። ወፎቹ ጾም የለባቸውምና ከማለዳ እስከ ማታ ይንጫጫሉ። ረቡዕና ሐሙስ ፍሬው በራሱ ጊዜ እየተበጠሰ ሲወድቅ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ «ኪራላይሶን» የሚለው ዜማ ይሰማታል፤ በመካከሉ የእሱን ድምፅ ትለያለች። በሕይወቷ እንደዚያ ሳምንት ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም። ከባሏ ቤት ጠፍታ በጫካ ያደረች ጊዜ እንኳ ወዴት እንደምትሄድ ታውቅ ነበር።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከሕዝቡ ጋር ስትሰግድ ዋለች። ወደ ማታ ሲሆን እንደ ሥርዓቱ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ፤ ምእመኑ ተራ በተራ እየቀረበ በደሉን ይናገራል፣ ካህኑ በወይራው ጀርባውን ጠብ ጠብ አድርጎ ስግደት ይሰጠዋል። ለዕለቱ ከጎረቤት ደብር የመጡ ቄስ አንዱ ጋ፣ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሌላው ጋ ነበሩ። ሰብሌ ሳታስበው እግሯ ወደ ሽማግሌው ወሰዳት። ሲያስበው የነበረው ልቧ ሳይሆን አይቀርም።

ጎንበስ አለች። ሽማግሌው ዓይናቸው ሞራ ነው፤ ማን እንደሆነች አላዩም። ምን እንደበደለች ቀስ ብለው ጠየቋት።

«የሚያውቁትን ነው የምነግርዎት፣ አባቴ» አለች። «ምሥጋናውን ስለ መውደዴ ይፍቱኝ።»

ወይራው ጀርባዋ ላይ አላረፈም። ጠበቀች። አሁንም አላረፈም።

«የትኛው ምሥጋናው?» አሉ ሽማግሌው።

በጥድ በር ምሥጋናው የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰብሌ ያን ጊዜ ሁሉን አወቀች። ይቅር ይበሉኝ፣ በሆሳዕና የነገረዎት መስሎኝ ነው እያለች ልትነሣ ስትል እጃቸው ትከሻዋን ያዘ። ያረጀ እጅ ነበር፤ አልከበዳትም።

«አልነገረኝም» አሉ። ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለና ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም። «በንስሐ የሰማሁት ከዚህ ወይራ አያልፍም ልጄ። ወደ እሱ ሄጄ፣ እንዲህ ሰማሁ አልለውም። ከእሱ አፍ ከመጣ ግን እሰማዋለሁ።»

«ቢነግርዎትስ?»

 እንባቸውን ይሁን ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ቅስና በግድ አይሆንም። ቄስ ከሌላ ደብር ለምኜም አመጣለሁ፤ ለምኜ አላፍርም። ፈርቶ የቀሰሰ ልጅ ግን መቅደስ በገባ ቁጥር ያለቅሳል። እስከ ዳግም ትንሣኤ እጠብቀዋለሁ። አንቺ ስገጂ፤ እኔም እሰግዳለሁ።»

ከዚያ ወይራው ጠብ ጠብ አለ፤ የተለመደውን ስግደት ሰጧትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ሰብሌ እየሰገደች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ደግሞ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረገች። ተዘግቷል ስትለው የነበረው በር ክፍት ኖሯል። ምሥጋናው ፈርቷል፤ ይፍራ፤ ማን የማይፈራ አለ? መጥቶ አልቻልሁም ይበላት ብቻ። ያን ቃል ካለ ሌላውን እሷ ትነግረዋለች፤ እጁን ይዛ እስከ አባቱ ደጅ ትሸኘዋለች። ሳይላት ግን አትነግረውም። አባቱ እንደማይረግሙት አውቆ የሚናገር ሰው አልፈለገችም፤ ሳያውቅ ደፍሮ፣ ወይም አለመድፈሩን ደፍሮ የሚናገር ነው የፈለገችው።

ቅዳሜ ማለዳ የቃጭል ድምፅ ሰማች። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጠማ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ምሥራቹን ያደርሳሉ። ሌሎቹ ወደ ላይኛው መንደር ሄደው ኖሮ ወደ አትክልቱ ብቻውን የመጣው ምሥጋናው ነበር። ከዓርብ ጀምሮ እህል ስላልቀመሰ ከንፈሩ ደርቋል። «ገብረ ሰላም» እያለ በሩ ላይ ቆመ። ከዛፎቹ ሥር መሬቱ በወደቀ ፍሬ ጠቁሮ ሲያይ ዓይኑን አሸሸ።

«ሁሉም ወደቀ እኮ» አላት።

«ጊዜው ነው» አለችው። ከዚያ ጠበቀችው። ይህን ያህል ጠብቃው አታውቅም። አልቻልሁም በለኝ፣ አልቻልሁም በለኝ እያለች በልቧ ትለምን ነበር።

ምሥጋናው ከእቅፉ አንድ ዘለላ ቄጠማ መዘዘ። ዓይኑ ከቄጠማው አልተነሣም።

«ለአባቴ ነገርሁት» አለ። «በሆሳዕና።»

 ምናልባት ተሳስታ ሰምታው እንደሆነ፣ ምናልባት ምላሱ አዳልጦት እንደሆነ ብላ፣ ሊመለስ ከፈለገ መመለሻ ሰጠችው።

«ምን አሉህ? ቃላቸውን ንገረኝ።»

«አይሆንም አለኝ። ደብሬን ከዘጋህ አልወለድሁህም አለኝ። እግሩ ላይ ብወድቅም አልሰማኝ።» ድምፁ ተሰበረ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ለእሷ ማዘኑም እውነት ነበር። ደፍሬ አልተናገርሁም ከሚላት አባቴ ከለከለኝ ቢላት ቁስሉ የሚቀላት መስሎታል። «ምን ላድርግ ሰብሌ? አባት ነው።»

በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብትነግረው፣ አባትህ ይጠብቁሃል ብትለው፣ በደስታ እየሮጠ ወደ አባቱ ይሄድ ነበር። ይህን ታውቃለች። ምላሷ ላይ ደርሶም ነበር። ግን እጃቸው ትከሻዋ ላይ ያረፈው ሽማግሌ፣ ልመና የማያሳፍራቸው ቄስ፣ በሌሉበት በገዛ ልጃቸው አፍ ጨካኝ ተደርገው ቆመዋል። ነገ ደሴ ላይ፣ ከነገ ወዲያ በሌላ ቦታ፣ አንድ ነገር ባስፈራው ቁጥር በእሷ ስም ደግሞ ምን ይል ይሆን? ሰውየውን መውደዷ አልቀነሰም፤ ይኼ ነው የከፋው።

ቄጠማውን ከእጁ ተቀበለችና በገዛ እጇ ራሷ ላይ አሰረችው። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እንደ አገሯ ሴቶች ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ይባርኩኝ፣ አባ» አለችው።

ምሥጋናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ሰብሌ፣ ምን ሆነሻል? ምን አንቱ ትይኛለሽ? እኔ ገና ዲያቆን ነኝ። የምባርክሽ መስቀልስ የት አለኝ?»

«ይኖርዎታል» አለችው፤ ቀናም አላለችም።

ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካት መለሰው። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷም ለመጨረሻ ጊዜ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። እሱ ግን ዞሮ ቃጭሉን ሳይመታ በወንዙ ዳር መንገድ ወረደ።

ሰብሌ ከዛፎቹ መካከል ገብታ፣ ፍሬው በረገፈበት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከወንዙ ማዶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ በየእግር ኮቴው ቀና እያሉ ልጃቸው መጥቶ እንዲያናግራቸው እየጠበቁ ነው። እስከ ዳግም ትንሣኤ ይጠብቃሉ። እንደማይመጣ የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች፤ ያን መንገር ልጃቸው በስማቸው የዋሸውን መንገር ነውና ለእሳቸውም ልትነግራቸው አትችልም።